ምዕራፍ 7፦ በአንድ ንግግር የማያልቅ እውነት

በላስ ቬጋስ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በሬድ ሮክ ካንየን ቀያይ ተራሮች ግርጌ የተንጣለለው ሰመርሊን የተባለው ሰፈር የሚገኝበት የኔቫዳ ግዛት፣ በ2020 መራጮቹ በሰጡት ድምፅ ጋብቻ የተጋቢዎቹ ጾታ ሳይለይ እኩል እንዲታወቅ በሕገ መንግሥቱ በማስፈር ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል (በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይኸው ግዛት በ1993 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን የሚቀጣውን ሕግ ሽሯል፤ በ1999 ሠራተኛን በጾታዊ ዝንባሌው ምክንያት ማባረርን ከልክሏል፤ በ2002 ግን ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚል አንቀጽ በሕዝብ ድምፅ አጽድቆ ነበርና፣ ያንኑ አንቀጽ ከ18 ዓመት በኋላ የሻረውም የዚያው ግዛት መራጭ መሆኑ፣ አንድ ትውልድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሕዝብ አመለካከት ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል። ሕጉ በዚህ ፍጥነት ቢለወጥም፣ በሕጉ ከለላ ሥር ከገቡት ሰዎች መካከል በቁጥር የሚበልጠው ወገን ዛሬም ለእናቱ፣ ለወንድሙ ወይም ለቅርብ ጓደኛው ስለ ራሱ ሳይናገር ዕድሜውን ይገፋል። ይህ ወገን ለሁለቱም ጾታ የሚሳቡ ሰዎች ወገን ነው።

ጾታዊ ዝንባሌ ሲባል አንድ ሰው በፍቅርና በሥጋዊ ፍላጎት ወደ ማን እንደሚሳብ የሚያመለክት የሰው ተፈጥሮ ገጽታ ነው። ባይሴክሹዋል የሚባለው ሰው ደግሞ ይህ መሳብ በአንድ ጾታ ያልተወሰነበት፣ በሕይወቱ ውስጥ ወንድንም ሴትንም ሊያፈቅር የሚችል ሰው ነው። ትርጉሙ በዚህ ያበቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያልተባለ ነገር ይታከልበታል። ባይሴክሹዋል ሰው ለሁለቱም ጾታ በእኩል መጠን ይሳባል ማለት አይደለም፤ ሁለት ፍቅረኛ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል ማለትም አይደለም፤ ለትዳሩ የሚታመን ወይም የማይታመን መሆኑንም ዝንባሌው አይወስነውም፤ ወንድን ብቻ የምታፈቅር ሴት ባሏን ካገባች በኋላ የሌላ ወንድ መልክ ማየት እንዳልቀረላት ሁሉ፣ ባይሴክሹዋል ሴትም አንድ ሰው መርጣ ስትኖር ዝንባሌዋ አብሯት ይኖራል፤ የታማኝነት ጉዳይ ግን የባሕርይና የቃል ኪዳን ጉዳይ ነው።

የዘመናዊው ጥናት መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ አልፍሬድ ኪንሴይ በ1948 ስለ ወንዶች፣ በ1953 ደግሞ ስለ ሴቶች ያሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ናቸው። ኪንሴይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ካነጋገረ በኋላ ሰውን በሁለት ጎራ መክፈል ከመረጃው ጋር እንደማይገጥም ስለተረዳ፣ ከ0 እስከ 6 የሚደርስ መለኪያ አበጀ፤ 0 ላይ ያለው ወደ ተቃራኒ ጾታ ብቻ፣ 6 ላይ ያለው ወደ ተመሳሳይ ጾታ ብቻ የሚያዘነብል ሲሆን፣ በመካከል ባሉት ቁጥሮች ላይ የሚገኘው ሰው ቀላል የማይባል ሆኖ ተገኘ። ፍሪትዝ ክላይን የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም ብሎ ተከራከረ፤ አንድ ሰው የሚሳብበት፣ በተግባር የሚፈጽመው፣ በልቡ የሚመኘውና ራሱን የሚጠራበት ስም ሊለያዩ፣ ከዓመታት ጋርም ሊለዋወጡ እንደሚችሉ አሳየ። «ዛሬ ግራ ስለገባት ነው፣ ነገ ይለይላታል» የሚለው አባባል በተለይ የተፈተነው በዩታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ዳይመንድ ጥናት ነው። ዳይመንድ 79 ሴቶችን ለ10 ዓመታት ተከታትላ በ2008 ባወጣችው ውጤት ባይሴክሹዋልነት ወደ ሌላ ነገር የሚያሻግር የወጣትነት መተላለፊያ ነው የሚለው ግምት እንደማይደገፍ፣ ይልቁንም ጸንቶ የሚኖር የዝንባሌ ዓይነት መሆኑን አመለከተች።

ስለ ብዛታቸው ሲነሣ፣ ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት በ2024 ባሰባሰበው መረጃ ከአሜሪካ አዋቂዎች 9.3 በመቶው ራሳቸውን ከተቃራኒ ጾታ አፍቃሪነት ውጭ በሆነ ስም የጠሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባይሴክሹዋል ነን ያሉ ናቸው። በቁጥር ይህን ያህል ብዙ ሆነው ሳለ ዝምታቸው ከሁሉም የከፋ መሆኑን የሚያሳየው ፒው የምርምር ማዕከል በ2019 ያወጣው ትንተና ነው፤ ተመሳሳይ ጾታን ብቻ ከሚያፈቅሩ ወንዶችና ሴቶች 75 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ዋና ቦታ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ወይም አብዛኞቹ ስለ ዝንባሌያቸው እንደሚያውቁ ሲናገሩ፣ ከባይሴክሹዋል ሰዎች ግን እንዲህ ያሉት 19 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 26 በመቶዎቹ ደግሞ ከእነዚህ የቅርብ ሰዎች ለአንዱም አልተናገሩም።

የዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። ሰው የሰውን ዝንባሌ የሚገምተው ከጎኑ ባለው ሰው ነው። ፒው በ2013 ባደረገው ጥናት፣ በጸና የፍቅር ግንኙነት ወይም በትዳር ውስጥ ካሉ ባይሴክሹዋል ሰዎች የ84 በመቶዎቹ አጋር የተቃራኒ ጾታ ሰው ነበር። ባል ያላት ሴት ስትታይ ተመልካቹ ስለ ዝንባሌዋ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ መልሱን በዓይኑ ያየ ይመስለዋል። ያቺው ሴት ከሴት ጋር ብትኖር ኖሮ ደግሞ በተቃራኒው ይፈረጅባት ነበር። በየትኛውም በኩል ብትቆም ግማሹ ማንነቷ ከእይታ ይወጣል፤ አጥኚዎች «መሰወር» የሚሉት ሁኔታ ይህ ነው። የሕግ ምሁሩ ኬንጂ ዮሺኖ በ2000 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ መሰወሩ በአጋጣሚ የሚሆን እንዳልሆነ፣ ተቃራኒ ጾታ አፍቃሪዎችም ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችም የየራሳቸውን ወሰን የጸና አድርጎ ለማየት የመካከለኛውን መኖር አለማንሳት እንደሚቀናቸው አስረድቷል። ይህን ሐሳብ የሚያጠናክረው ባይሴክሹዋል ሰዎች ራሳቸው የሚያሰሙት ቅሬታ ነው፤ በአንዱ ወገን «ያው እንደነሱ ናት»፣ በሌላው ወገን «ድፍረት አጥታ ነው እንጂ ለይቶላታል» ይባላሉ።

ራስን መግለጥ ማለት አንድ ሰው ስለ ዝንባሌው በራሱ ፈቃድና በራሱ ቃል ለሌላ ሰው መናገሩ ነው። በአሜሪካ ይህ ድርጊት የራሱ ቀን ያለው ሲሆን፣ በ1987 በዋሽንግተን የተካሄደውን ታላቅ የመብት ሰልፍ መታሰቢያ አድርጎ ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 11 ይከበራል፤ ባይሴክሹዋል ሰዎችም ከ1999 ጀምሮ ሴፕቴምበር 23ን የራሳቸው ቀን አድርገዋል። በዚህ ልማድ ውስጥ የተለመደው ምስል ግን አንድ ወጣት ቤተሰቡን ሰብስቦ አንድ ቃል የሚናገርበት፣ ከዚያ በኋላ ሕይወቱ በፊትና በኋላ ተብሎ የሚከፈልበት ምስል ነው። ለባይሴክሹዋል ሰው ይህ ምስል ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። ዛሬ ለእናቷ የነገረች ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድ ጓደኛ ይዛ ብትመጣ እናቲቱ የቀድሞውን ንግግር እንደ ተሻረ ትቆጥረዋለች፤ ልጅቷም እንደገና ልትናገር ትገደዳለች። በአዲስ የሥራ ቦታ፣ በአዲስ ሰፈር፣ ከአዲስ ሐኪም ፊት ነገሩ ከሥሩ ይጀምራል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው፤ ባይሴክሹዋል ሰው በግልጽ ለመኖር የሚወስነው ውሳኔ በአንድ የድፍረት ቀን የሚጠናቀቅ ሳይሆን ዕድሜ ልክ የሚታደስ ነውና፣ ዘመድ የሆነ ሰው የሚጠበቅበት ከአንድ ቀን ጀግንነት ይልቅ የብዙ ዓመት ማስታወስ ነው።

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ምን መልክ እንደሚይዝ ለመረዳት የላስ ቬጋስን ሸለቆ ማየት ይረዳል። ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት በታክሲ ሹፌርነት፣ በካዚኖና በሆቴል ሥራ፣ በነርስነትና በንግድ የተሠማሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሸለቆው ሰፍረዋል፤ ክላርክ ካውንቲም በ2023 ስትሪፕ ከተባለው የካዚኖዎች ጎዳና በስተ ምዕራብ የሚገኘውን የምግብ ቤቶቻቸውንና የሱቆቻቸውን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሟል። ሰመርሊን ከዚህ ሰፈር ወጣ ያለ ነው፤ መሬቱ ባለጸጋው ሃዋርድ ሂዩዝ በ1950ዎቹ የያዘው፣ ስሙም የሴት አያቱ የጂን አሚሊያ ሰመርሊን ሆኖ፣ ከ1990 ወዲህ በዕቅድ የተገነባና ዛሬ ከ100,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ መሰል ሰፈር ነው። ከጓዳ እስከ ጋራዥ የተደላደለ ቤት፣ በጠጠርና በቁልቋል የተሸፈነ ደጅ፣ የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር የሚቆጣጠር የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ለልጆች የተሻለ ትምህርት ቤት፤ እዚህ ቤት መግዛት ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሌሊት ፈረቃ ዓመታት ዋጋ መሆኑ አይጠረጠርም።

በዚህ ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ የጎረቤቱን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ ጎረቤቱ የሚለውም ብዙ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው በእሑድ ቅዳሴ ማግስት፣ በጽዋ ማኅበር፣ በእቁብ ስብሰባ፣ በልቅሶ ቤት የሚነገረው ነው። ይሉኝታ የሚሠራው በዚህ ክበብ ውስጥ ነው። ሰው ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ወላጆቹ፣ ስለ እህቶቹ የትዳር ዕድል፣ ስለ አባቱ የሽማግሌነት ክብር ጭምር ተጠያቂ እንደሆነ ተደርጎ ያድጋል፤ የቤት ገመና ወደ ደጅ እንዳይወጣ መጠበቅም የመልካም ልጅ ግዴታ ነው። ክበቡ ደግሞ በውቅያኖስ አይወሰንም፤ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት ሰመርሊን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነውና፣ በእራት ሰዓት በአንድ ሳሎን የተባለ ነገር ጎንደር ወይም ደሴ ያለች አክስት ቁርሷን ሳትቀምስ ሊደርሳት ይችላል።

በዚያ በኩል ያለው ሕግና ንግግር ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። በ2004 የወጣውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት የሚቀጣ ሲሆን፣ የሚቀጥለው አንቀጽ ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ክልከላው በ1957 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የነበረ ነው። በ2008 መጨረሻ የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ጉዳዩን በጋራ አውግዘዋል፤ በ2014 በመዲናዋ ይህንኑ ግንኙነት ለመቃወም ታቅዶ የነበረ ሰልፍ ቢሰረዝም፣ በ2023 የከተማዋ አስተዳደር ግንኙነቱ ይፈጸምባቸዋል በሚላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን በይፋ አስታውቋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁር የሆኑት ጌትነት ታደለ ተመሳሳይ ጾታን በሚያፈቅሩ የአዲስ አበባ ወንዶች ላይ ያካሄዷቸው ጥናቶች እነዚህ ሰዎች በድብቅ፣ በሥጋትና በብቸኝነት እንደሚኖሩ ያስረዳሉ። እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እየተባባሉ መጠራራታቸውም ከዚሁ የመደበቅ ኑሮ የተወለደ ነው። ስለዚህ በሰመርሊን ያለ ልጅ ሲናገር ወላጆቹ የሚሰሙት የኔቫዳን ሕገ መንግሥት ቋንቋ አይደለም፤ ለአሥርት ዓመታት የሰሙትን የወንጀል፣ የርግማንና የባዕድ ልማድ ቋንቋ ነው። ይህን መርሳት ለወላጆቹ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ልጁንም ላልተዘጋጀበት ነገር አሳልፎ ይሰጠዋል።

በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ባይሴክሹዋል ልጅ የሚገጥመው ነገር ተመሳሳይ ጾታን ብቻ ከሚያፈቅር ልጅ የሚለየው በአንድ ጥያቄ ነው። ነገሩ እንዲህ ባለ መልክ ይሄዳል፦ ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ እናት እንደ ልማዷ «የኔ እናት፣ ወግ ማዕረግሽን ሳላይ ልሙት እንዴ? መቼ ነው ዓይንሽን በዓይኔ የምታሳዪኝ?» ትላለች፤ ልጅቷ ለወራት ያጠናችውን ነገር ትናገራለች፤ ዝምታ ይወርዳል፤ ቀጥሎ «ማን አስለከፈሽ?» «በዘር ማንዘራችን ያልነበረ!» ይመጣል፤ ልጅቷ ማስረዳት ስትጀምርና «ወንድም እወዳለሁ እማዬ፣ ሴትም እወዳለሁ» ስትል የእናት ፊት ድንገት ይፈታል፤ «ታዲያ ወንድ ከወደድሽ ምን ቸገረሽ? ወንዱን አግቢያ!» ይህ ቃል ከጥላቻ የሚመነጭ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም በእናት ልብ መሐሪ መፍትሔ ነው፣ ሽማግሌ የሚላክበት፣ እልልታ የሚሰማበት፣ ማንም ምንም ሳያውቅ የሚያልፍበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው። ልጅቷ ግን የምትሰማው ከተናገረችው ውስጥ ግማሹ ብቻ እንደተፈለገ፣ ሌላው ግማሽ እንዲቀበር እንደተጠየቀች ነው።

ይህ ጥያቄ የተመሠረተበት ስሕተት በግልጽ ሊነገር ይገባዋል። መሳብ መቻል ማለት ማንን እንደሚያፈቅሩ በትእዛዝ መምረጥ ማለት አይደለም። ወንድን ብቻ የምትወድ ሴት ወንዶችን ሁሉ እንደማታፈቅር፣ ቤተሰብ የመረጠላትን ወንድ ስላልወደደች ብቻ እንቢ ልትል እንደምትችል በአማራውም በኦሮሞውም ቤት ማንም አይስተውም፤ ያው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወደደው። ባይሴክሹዋል ሴትም የምትወደው ወንድነትን ወይም ሴትነትን በጥቅሉ ሳይሆን አንድን ሰው ነው፤ ያ ሰው ወንድ ሆኖ ከተገኘ ትዳሯ እውነተኛ ነው፤ ሴት ሆና ከተገኘች ደግሞ ያልወደደችውን ወንድ «ስለምትችይ አግቢው» ማለት እሷን ብቻ ሳይሆን ያንን ወንድ ልጅ፣ የሌላ እናት ልጅ፣ አብሮ መበደል ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሁልጊዜ ይደባለቃሉ። ራሱን ለመደበቅ ሲል ብቻ የማይወዳትን ሴት አግብቶ የሚኖር ወንድ አለ፤ ለሚስቱም ለእሱም ከባድ መከራ ነው። ሚስቱን በእውነት የሚወድ፣ ከወንድም ጋር ሊዋደድ ይችል እንደነበር የሚያውቅ ባይሴክሹዋል ባልም አለ። ሁለተኛው ሰው ለሚስቱ ሲናገር የሚገጥመው የመጀመሪያው ሰው ተደርጎ መታየት ነው፤ «እስከ ዛሬ ስታታልለኝ ኖርክ?» የሚለው ጥያቄ በሚነሣበት ጊዜ ያለፉት ዓመታት ሁሉ በአንዴ አጠራጣሪ ይሆናሉ። በባይሴክሹዋል ሴቶች ላይ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ዱላ ሊሄድ ይችላል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2010 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከባይሴክሹዋል ሴቶች 61 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ከፍቅረኛ ወይም ከትዳር ጓደኛ መደፈር፣ አካላዊ ጥቃት ወይም ተከታትሎ ማስፈራራት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ በተቃራኒ ጾታ አፍቃሪ ሴቶች ዘንድ ቁጥሩ 35 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ባለበት ቤት፣ ከመናገር በፊት ደኅንነት ይቅደም ማለት ፈሪነት አይደለም።

አለመታመን ከቤተሰብም አልፎ እስከ ፍርድ ቤት ይዘልቃል፤ ይህም ጥገኝነት ለሚጠይቁ ኢትዮጵያውያን ቀጥተኛ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ በ1990 ቶቦሶ-አልፎንሶ በተባለ ኩባዊ ጉዳይ በዝንባሌ ምክንያት የሚደርስ ማሳደድ ለከለላ መሠረት እንደሚሆን ወስኗል፤ በ1994 ዋና ዐቃቤ ሕግ ጃኔት ሬኖ ውሳኔው በመላ አገሪቱ አስገዳጅ እንዲሆን አድርገዋል። ጥያቄውም በመርሕ ደረጃ ወደ አገሪቱ በተገባ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሆኖም ሰባተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 ባየው «ፉለር ከሊንች» በተባለው ክስ፣ ባይሴክሹዋል ነኝ ያለ የጃማይካ ተወላጅ ከሴት ጋር ተጋብቶ መኖሩ ጭምር ተቆጥሮበት አልታመነም፤ በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር የሥር ዳኛው የባይሴክሹዋልነትን ትርጉም ራሱን ያልተረዱ መሆናቸውን በመጠቆም ብርቱ ተቃውሞ ጽፈዋል። የካናዳው የሕግ ምሁር ሾን ሪሃግም በ2008 ባሳተመው ጥናት ባይሴክሹዋል ጥገኝነት ጠያቂዎች ከሌሎች መሰሎቻቸው ያነሰ ተቀባይነት እንደሚያገኙ አሳይቷል። እናት በሳሎን የጠየቀችው «ለምን ወንዱን አታገቢም?» በዳኛ አፍ «አገርህ ተመልሰህ ሴት አግብተህ ለምን አትኖርም?» ሆኖ ይመለሳል፤ ዳኛው ግን ከእናት የሚለየው ውሳኔው ሰውን በአውሮፕላን አሳፍሮ ስለሚመልስ ነው።

ወላጆች ልጃቸውን ከሰሙ በኋላ የሚያደርጉት ነገር በልጁ ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትል በጥናት የታወቀ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬትሊን ራያን የምትመራው የቤተሰብ ተቀባይነት ፕሮጀክት በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ በጉርምስናቸው ከቤተሰባቸው ከፍተኛ መገፋት የደረሰባቸው ወጣቶች መገፋት ካልደረሰባቸው ወይም ጥቂት ብቻ ከደረሰባቸው ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸው 8.4 ጊዜ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። መገፋት ሲባል ሁልጊዜ ከቤት ማባረር ብቻ አይደለም፤ ስሙን አለመጥራት፣ ጓደኛውን በር ላይ መመለስ፣ በዘመድ ፊት ማሸማቀቅ፣ ሳይፈልግ ጸበል ማስገባት ሁሉ ይገባበታል። ኔቫዳ በ2017 ባወጣችው ሕግ የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያዎች ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ዝንባሌ ለመለወጥ እንዳይሞክሩ ከልክላለች። አንዳንድ ወላጅ ደግሞ «አገሩን አይቶ ይመለስ» ብሎ ልጁን ወደ ኢትዮጵያ መላክን እንደ መድኃኒት ያስባል፤ ወላጁ በቅን ልብ ቢያስበውም፣ ልጁን ከኔቫዳ ከለላ አውጥቶ ከአንቀጽ 629 ሥር ማስገባቱ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል።

ለመናገር የሚያስብ ሰው በኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ውስጥ ከአንድ ሰው መጀመሩ ይቀናዋል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ያደገች ታናሽ እህት ወይም የአጎት ልጅ ትሆናለች። በሠርግ፣ በልቅሶና በፋሲካ ገበታ ላይ አለመናገር ዘዴ ነው፤ ዘመድ በተሰበሰበበት የተነገረ ነገር ወላጅን በልጁ ፊት ሳይሆን በሕዝብ ፊት ያቆመዋልና፣ ወላጅም ክብሩን ለማዳን ሲል በቤቱ የማይለውን ይላል። በወላጅ ገንዘብ የሚማር ወይም በወላጅ ቤት የሚኖር ወጣት መጠለያውን አስቀድሞ ቢያስብ ብልኅነት ነው። በላስ ቬጋስ መካከለኛ ክፍል፣ በሜሪላንድ ፓርክዌይ ጎዳና ላይ የሚገኘው፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችንና ባይሴክሹዋል ሰዎችን የሚያስተናግደው የደቡብ ኔቫዳ የኤልጂቢቲኪው ማዕከል ከ1993 ጀምሮ የሚያገለግል ተቋም ሲሆን፣ ከሰመርሊን በመኪና ብዙ የማይርቅና ከሐበሻው ክበብ ውጭ ያለ በመሆኑ ቃል እንዳይወጣ ለሚሰጋ ሰው የመጀመሪያ ማረፊያ ሊሆን ይችላል። ከኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ኑሯቸውን በውጭ አገር ያደረጉ ሰዎች ያቋቋሙት ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለ ድርጅት ስለ ጉዳዩ በራሳቸው ድምፅ ይናገራል፤ ይህ ነገር የሐበሻ አይደለም ለሚለው ንግግር የእነዚህ ሰዎች መኖር በራሱ መልስ ነው።

የማይናገርም ሰው አለ። ዕድሜዋ የገፋ አያት፣ የታመመ አባት፣ ወይም በአገር ቤት ያለች በንግግሩ ምክንያት ልትጎዳ የምትችል እህት ስላለችው ለጥቂት ሰዎች ብቻ ተናግሮ ሌላውን የተወ ሰው ዋሾ አይባልም፤ ለማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚናገር የመወሰን መብቱ የእሱ ነው። በዚህም ምክንያት ሌላን ሰው ያለ ፈቃዱ ማጋለጥ፣ «ለበጎ ነው» ተብሎ ለነፍስ አባት ሹክ ማለት እንኳ፣ ከባድ በደል ነው። ሆኖም ሙሉ በሙሉ በዝምታ መኖር የራሱ ዋጋ አለው፤ እናት የምትወደው እሷ የምታውቀውን ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ልጅቷ በእናቷ ፍቅር ውስጥ ተቀምጣ የማትታወቅ እንግዳ ሆና ትኖራለች፤ ብዙዎች በመጨረሻ የሚናገሩትም መብት ለማስከበር ሳይሆን በሚወዷቸው ሰዎች ለመታወቅ ነው።

ልጅ ከተናገረ በኋላ ደግሞ ተራው የወላጅ ይሆናል፤ ይህም በመጻሕፍት እምብዛም አይነሣም። ፒፍላግ የሚባለው የወላጆች ማኅበር የተጀመረው ጂን ማንፎርድ የተባለች የኒው ዮርክ አስተማሪ በ1972 ከልጇ ጋር በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የመብት ሰልፍ ከተራመደች በኋላ፣ በ1973 ጥቂት ወላጆች በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ነው፤ እነዚያ ወላጆችም የሚያፍሩበትንና የሚፈሩትን የሚያወሩበት ሰው አጥተው ነበር። በሰመርሊን ያለች ኢትዮጵያዊት እናትም በማኅበር ቤት «ልጅሽን መቼ ነው የምትድሪያት?» ስትባል የምትመልሰውን ማሰብ ይጠበቅባታል። ልጇን ሳታማክር መልስ መስጠት የለባትም፤ ማን እንደሚያውቅ፣ ማን እንዲያውቅ እንደማትፈልግ አስቀድማ ልትጠይቃት ይገባል። ልጅቷ ከወንድ ጋር ብትሆን «ተመስገን፣ ተለወጠች» ብላ ለሴቶቹ እንዳታበሥር፤ ከሴት ጋር ብትሆንም ነገሩን እንደ መጀመሪያው ቀን አዲስ ዱብዕዳ አድርጋ እንዳትቀበለው፤ ልጅቷ አንድ ጊዜ የነገረቻትን ነገር በሁለቱም ጊዜ ታስታውስላት። ይህን ማድረግ የቻለች እናት ለማኅበርተኞቿ የምትመልሰው መልስ «ጊዜው ሲደርስ እሷው ትነግራችኋለች» ከሚለው ባይበልጥም እንኳ፣ ልጇ ለሚቀጥለው ሰው መናገር ሲኖርባት ብቻዋን አይደለችም።